የማዳበሪያው ካሴት

ወንድሜ በዛብህ ኮምፒውተር የተማረው በካርቶን ላይ ነው። የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ቁልፎቹን በእስክሪብቶ ደርድሮ ይሥልና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአሥር ጣቱ ይመታዋል። ቀን አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ከጦር ኃይሎች ፌርማታ አውቶቡስ ይዞ ፒያሳ ይወርድና የኮምፒውተር ኮርስ ይማራል። እዚያ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ ሁልጊዜ በሽተኛ ነው። ስለዚህ ተማሪው ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል፣ ትክክል ነው የተባለለት ተራ ይጠብቃል። እኔ «ደረቅ መሬት ላይ ዋና የሚማር ሰው አንተን አየሁ» እለው ነበር። አይቆጣም። ጭራሽ የመምህሩን ድምፅ አስመስሎ ይመልስልኛል። የሰው ድምፅ መቅዳት ከልጅነቱ ጀምሮ ልማዱ ነው፤ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሲያወራ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማ ሰው ደንግጦ ይነሳል።

እኔ ዱሬቲ ነኝ፣ ታላቅ እህቱ። ከእኔ በላይ ዳንኤል አለ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ ነው። አባታችን ገሜዳ የወለጋ ሰው ሲሆን ለገበሬዎች የእርሻ ትምህርት ሲያስተምር ኖሮ በዛብህ ገና ሲድህ አረፈ። ጥሎልን የሄደው አንድ ቴፕና አንድ ሣጥን የትምህርት ካሴት ነው። እናታችን ዋጋነሽ የሸዋ ሰው ናት፤ ሹራብ እየሠራች አሳደገችን። እኔ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረኝ፤ ሹራቡን መርዳትና መቆጣት። ሁለተኛውን የሰጠኝ የለም፣ ራሴ ነኝ የያዝኩት።

ጴንጤዎች ነን። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው በየሰዉ ቤት መጋረጃ ጋርደን ነው፤ የምንዘምረውም ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ድምፃችንን አፍነን። የመዝሙር ካሴት መገኘቱ ብቻ ያስጠይቅ ነበር። እማዬ ታዲያ መዝሙሮቹን ሁሉ በአባዬ የትምህርት ካሴቶች ላይ አስቀዳቻቸው፣ ላያቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ግን አልነካችውም። ፈታሽ ቢመጣ የሚያገኘው የገበሬ ትምህርት ነው። የትኛው ካሴት እውነት እንደሚናገር፣ የትኛው እንደሚዋሽ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። «የላም በሽታ» የሚለው መዝሙር ነው። «የዶሮ እርባታ» ስብከት ነው። «የማዳበሪያ አጠቃቀም» የሚለው ብቻ የእውነት የማዳበሪያ አጠቃቀም ስለነበር ማንም አይነካውም።

«የንብ እርባታ» ዳንኤል ነው። ብሔራዊ ውትድርና ሲወስደው መዝሙር የተሞላበትን ያንን ካሴት ደብቆ ይዞ ሄደ፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ መዝሙሩን አጥፍቶ የራሱን ድምፅ ሞልቶበት ከአሥመራ በጓደኛው እጅ ላከልን። አንዱን ጎን እስከ ጫፉ ድረስ ያወራል። ለእማዬ ይጸልይላታል። ሰፈሩ ውስጥ ተደብቀው የሚጸልዩ ወታደሮች እንዳሉ ይነግራታል። በዛብህን ትምህርትህን አደራ ይለዋል። ለእኔ የደረሰኝ «ዱሬቲንም ሰላም በሉልኝ» የምትል ናት፣ ለጎረቤት እንደሚላክ ሰላምታ። አኮረፍኩ፤ ስሜት ነው፣ አይደበቅም። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እየከፈትን ቃል በቃል ልናጠናው ደረስን። ቴፓችን ግን ካሴት የሚበላ ስለሆነ እማዬ ፈራች። ከእንግዲህ ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው የሚከፈተው ብላ ደነገገች፣ ካሴቱም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

እውነተኛው ኮምፒውተር የመጣው በሰማንያ አንድ ክረምት ነው። የእማዬ ታናሽ ወንድም ይገዙ ምሥራቅ ጀርመን ይማር ነበርና ለዕረፍት ሲመጣ በሸሚዞቹ መካከል ጠቅልሎ አመጣለት። ከቁልፍ በቀር ምንም የሌለው ጠፍጣፋ ነገር ነው። አየር ማረፊያ ላይ የፈተሸው ሰውዬ የጽሕፈት መኪና መስሎት ወረቀቱ በየት እንደሚገባ ጠየቀ፤ መግቢያ ሲያጣለት የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ አሳለፈው አሉ። በዛብህ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳርፎ ሳይጫን ሲቀመጥ አየሁት።

ነገሩ ያለ ቴሌቪዥን አይሠራም። እኛ ደግሞ ቴሌቪዥን የለንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ ያዳኑን ጎረቤታችን እትዬ አልፊያ ናቸው፤ ባለቤታቸው መርካቶ ሱቅ አላቸው፣ ሳሎናቸው ብፌ ላይ ዳንቴል የለበሰ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አለ። ቴሌቪዥን በዚያን ጊዜ ማታ ብቻ ስለሚተላለፍ ቀን ቀን ሥራ ፈት ነው። እትዬ አልፊያ ብዙ ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ። ግን ጥያቄያቸው አያልቅም ነበር። ይህ ነገር እኛን ያያል ወይ፣ መንግሥት በዚህ ይሰማናል ወይ፣ የሎተሪውን ቁጥር ቀድሞ አያውቅም ወይ። በዛብህ ሁሉንም ቁምነገር አድርጎ ይመልስላቸዋል። እማዬ አንድ ቀን ሹራቧን ይዛ መጥታ ስታይ ቆየችና ዳንኤል አሁን የት እንዳለ ይነግረን እንደሆነ ጠየቀችው። እኛ የነገርነውን ብቻ ነው የሚያውቀው አላት። ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

የእሱ ጥያቄዎች ደግሞ ጀርመን ድረስ ነው የሚሄዱት። መመሪያው መጽሐፍ በጀርመንኛ ስለሆነ የሚገባው በትልልቁ የተጻፈው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቢሞቅ ላጥፋው ወይስ ይሞቃል? ማስታወሻው ሞላ የሚለኝ ምን ሞልቶ ነው? ከቁጥር በቀር ሥዕል ማስቀመጥ ይቻላል? ይጽፋል፣ ሁለት ወር ይጠብቃል፣ ይገዙ ግማሹን ይመልስና ግማሹን እኔም አላውቅም ይላል። ሌላው ትርፍ ጊዜው የውጭ አገር ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ መስማት ነው። ጓደኞቹ ኳስ ሲያሳድዱ እሱ አንዲት መስመር ለምን እንደማትሠራ ሲያስብ ይውላል።

የያዘው ሐሳብ አማርኛ ማስጻፍ ነበር። ማሽኑ ፊደላችንን አያውቀውም። በዛብህ ስኩዌር ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ፊደል ስምንት በስምንት በሆነ ካሬ ውስጥ እያጠቆረ ይሥላል፣ ያንን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ እኔ ቁጥሩን ሳነብለት እሱ ይመታል። «ሀ» በአንድ ጊዜ ሆነ። «ጨ» አልገባ ብሎ ሳምንት ሙሉ አበሳጨን። ስንት ፊደል እንዳለን የገባኝ ያኔ ነው፤ ግዕዝን የደረደሩትን አባቶች እስክረግም ደርሼ ነበር። መጀመሪያ ያጻፈው «ዋጋነሽ» የሚለውን ነው። የእናቴ ስም በእትዬ አልፊያ ቴሌቪዥን ላይ እየተርገበገበ ሲወጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም አለቀስኩ። እማዬ «ጌታ ይመስገን» አለችና እንደሚጠፋ ስለምታውቅ ቶሎ ብላ ደግማ አነበበችው።

መጥፋት ነው ችግሩ። ማሽኑ መብራት ከተቋረጠበት የተጻፈበትን ሁሉ ይረሳል። አንድ ጊዜ የእትዬ አልፊያ ሠራተኛ ካውያ ልትሰካ ሶኬቱን ነቅላ የአንድ ወር ሥራ ድራሹ ጠፋ። እንዳይጠፋ የሚቀመጠው በቴፕ ነው። በሽቦ ተገናኝቶ ፕሮግራሙ እንደ ድምፅ ካሴት ላይ ይቀዳል፣ ያ ድምፅ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ነው የሚጮኸው። ለዚህ ደግሞ ካሴት ያስፈልጋል።

አሁን እማዬ ያደረገችውን ልናገር፤ እኛ ያወቅነው በኋላ ነው። ከገና በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተማርያም ግቢው ውስጥ ንብ ሊያረባ ተነሳ። አባታችን የእርሻ ሰው እንደነበር ያውቃልና መንገድ ላይ አስቁሟት የንብ ትምህርት ካሴት ካላችሁ አውሱኝ አላት። አለን አለችው፣ የለንም ብላ ኋላ ቢገኝ መዘዙ ይብሳል ብላ። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በእንፋሎት የሁለቱን ካሴቶች ወረቀት አላቃ ለዋወጠቻቸው፤ የዳንኤልን «የማዳበሪያ አጠቃቀም» አለችው፣ ማዳበሪያውን «የንብ እርባታ»። ሰውዬው ቢመጣ የሚወስደው ማዳበሪያ ነው፤ የጻፈው ተሳስቶ ነው ይባላል። ለእኛ አልነገረችም። ልጅ ያላወቀውን ቢጠየቅም አያወጣም የሚል እምነት ነበራት፣ ሌሎችም ጴንጤ እናቶች እንዲሁ ናቸው። ጓድ ሀብተማርያም አልመጣም። በሳምንቱ ንቡን ትቶት ነበር።

በዛብህ እንግዲህ ካሴት ሲያስፈልገው ሣጥኑን ከፈተ። መዝሙሩን አይነካም፣ ስብከቱን አይነካም፣ ንቡን አይነካም። «የማዳበሪያ አጠቃቀም»ን አነሳ። ቀድሞ ለምን አልሰማውም ትሉ ይሆናል፤ የማዳበሪያ ትምህርት ምን ተብሎ ይሰማል? እትዬ አልፊያ ቤት ወስዶ ከመጀመሪያው አጠነጠነና ፊደሎቹን ቀዳበት። ጠንቃቃ ልጅ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አልበቃውም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይኑር ብሎ ያንኑ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ጎኑ እስኪሞላ ቀዳው። ዝርክርክ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይተርፍልን ነበር። ጥንቃቄ ሰውን ሲያጠፋ ያየሁት ያኔ ነው።

በየካቲት የምጽዋ ወሬ መጣ። ሬዲዮናችን ምንም አይልም፤ በዛብህ ግን ከውጭው ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። የዳንኤል ጦር ወደዚያ መውረዱን ከመጨረሻው ደብዳቤው እናውቅ ነበር። እማዬ ከሰዓት ለጸሎት ወጥታለች። እኔና እሱ ሳንነጋገር ሣጥኑን ከፈትን፤ ሕጉን ጥሰን ድምፁን ልንሰማ ነው። «የንብ እርባታ»ን አስገባን። አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ ማዳበሪያ ከዘሩ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ተደርጎ ይነስነስ ብሎ ጀመረ።

መጀመሪያ ሳቅን። ጎኑን አዙረን አየን፤ እዚያም ማዳበሪያ ነው። ከዚያ በዛብህ ወረቀቱን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ዳሩ ተላቆ ተነሳ። ሌላኛውን ካሴት አውጥቶ አስገባ። ጮኸ። አጠነጠነ፤ ጮኸ። እየዘለለ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደ። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ጩኸቱ ቆመና የዳንኤል ድምፅ አንዲት ቃል ተናገረ፣ «አሜን»። የመልእክቱ መዝጊያ ናት። ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከወንድሜ የቀረን ይኼ ነው። በዛብህ መልሶ ሊከፍታት ሲል እጁን ያዝኩት፤ እሷንም ቴፑ እንዳይበላብን ፈራሁ።

ለእማዬ እንንገራት አልኩት። ተንበርክኮ እግሬን ይዞ እንዳልናገር ለመነኝ። ፋሲካ ድረስ ጊዜ አለ፣ መመለሻ ይኖረዋል አለ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ፤ በላዩ የተቀዳበት ድምፅ አይመለስም አለው። መምህሩን ጠየቀ፣ አይሆንም አሉት። ይገዙን በደብዳቤ ጠየቀ፤ መልሱ የደረሰው ሆሳዕና ሰሞን ነው። ግማሹን ጥያቄ «እኔም አላውቅም» ብሎ የሚያልፈው ሰው፣ ለዚህ ግን የጠፋ ድምፅ ከየትም አይመጣም፣ ለምን ጠየቅህ ብሎ ጻፈለት። በዛብህ ማሽኑን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተተው። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ከስቶ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ሲወዛወዝ እማዬ ስለ ዳንኤል የሚጾም መሰላት፤ እኛ እኮ እንደዚያ አንጾምም።

ከዳንኤል ደብዳቤ ጠፋ። እማዬ ከወትሮው ይልቅ ፋሲካን መጠበቅ ጀመረች። ድምፁን ስሰማ ይቀለኛል ትላለች፣ በየዕለቱ ማለት ይቻላል። እሷ ያንን በተናገረች ቁጥር በዛብህ ምክንያት ፈልጎ ይወጣል።

ሐሳቡ የእሱ ነው። የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ሲመጣ በዳንኤል ድምፅ «ዱሬቲ» ብሎ ጠራኝ። የያዝኩት ጣሳ ወደቀ። ድምፁ ከጎረመሰ ወዲህ እንደሚመስለው እኔ ልብ አላልኩም ነበር። ዳንኤል ያለውን በቃላችን እናውቀዋለን፣ እሞላዋለሁ፣ አሜንዋ ጋ ስደርስ አቆማለሁ አለኝ። ኃጢአት ነው አልኩት። «አውቃለሁ» አለ፣ «ሌላ ካለሽ ንገሪኝ።»

እትዬ አልፊያ የጓዳቸውን ክፍል ሰጡን፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። ቁጭ ብለን ቃሉን ስናስታውስ ነው ጉዱ የታየው። ቃል በቃል እናውቀዋለን ስንል የነበርነው አናውቀውም። እሱ መዝሙሩ ከጸሎቱ ይቀድማል ይላል፣ እኔ ይከተላል እላለሁ። እኔ የማስታውሰውን እሱ ዳንኤል አላለም ይላል፣ እሱ የሚያስታውሰውን እኔ አልሰማሁም እላለሁ። ወንድማችን እዚያው ፊታችን ላይ እየተሸረፈ ሄደ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩበት፣ ከዚያ ተስማማን፤ የተስማማነው እውነት ስለሆነ ሳይሆን ጊዜ ስላለቀ ነው። ከመስጊዱ የሚሰማው አዛን እስኪያልቅ ጠበቅን። በዛብህ የኔ ዓይን እንደሚያሳፍረው ነገረኝና በር እንድጠብቅ ላከኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ በግድግዳው የዳንኤል ማጉረምረም ሲመጣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የቀዳው እዚያው ፊደሎቹ ላይ ነው። እማዬ ካሴቱን ታውቀዋለች፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ቁጥሮቹ ወረቀት ላይ አሉ፣ በኋላ እንደገና አነብልሃለሁ አልኩት፤ «ይቅር» አለ።

ፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ እማዬ እጇን ታጥባ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ካሴቱን ራሷ አወጣች፤ እጇ ያለማመንታት ወደ «ማዳበሪያ» ሲሄድ እኔና በዛብህ ተያየን። ያኔ ስለ ንቡና ስለ ሊቀመንበሩ ነገረችን፣ እንደ ቀልድ። እኛም እንደ አዲስ ሰማን። ከፈተችው።

«እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ዳንኤል ነኝ።»

እኔ የማውቀው እንኳ ተታለልኩ። ጸሎቱን ጸለየ፣ መዝሙሩን አንጎራጎረ፣ በዛብህን ትምህርትህን አደራ አለው። በዛብህ ምንጣፉን እያየ ይንቀጠቀጣል። የኔ ተራ ደረሰ፤ ሰላም በሉልኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለ፦

«ዱሬቲ፣ እዚህ አለቃው ሁሉ ይቆጣል፤ እንደ አንቺ አድርጎ የሚቆጣኝ ግን የለም። ናፈቀኝ።»

ይኼን አብረን አላወጣነውም። ዞሬ አየሁት፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ አሜን ተባለ፤ ያችኛዋ የእውነቷ። እማዬም «አሜን» አለች። ካሴቱን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ካሴቱ እያረጀ ነው፣ ድምፁ ደከም ብሏል አለች። ያን ማታ በዛብህ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ተኛ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባ። ኮርሱን ቀጠለ፣ ፊደሎቹን ግን አልነካቸውም። እኔም አላስታወስኩትም። በሰማንያ ሦስት ጥር ላይ ከኮርስ ሲመለስ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ አፈሳ ነበር። ወታደሮች መንገዱን ከሁለት በኩል ዘግተው ጎረምሳ የመሰለውን ሁሉ መኪና ላይ ጫኑ። የውይይት ታክሲ ረዳት የሆነ የሰፈራችን ልጅ አይቶት ኖሮ እየሮጠ መጣ። የተማሪ መታወቂያውን ከፍ አድርጎ እያሳየ ነበር፣ አንዱ ቀማውና ኪሱ ከተተው አለን። ዕድሜው ገና ነው ብለን ቀበሌ ሄድን። ጓድ ሀብተማርያም ቁመቱ ደርሷል አለ። ስንቅ ይዘን ተሰብስበዋል የተባለበት ካምፕ በር ላይ ሦስት ቀን ቆምን፤ በሦስተኛው ቀን ትናንት ሄደዋል አሉን። ትናንትም እዚያው ቆመን ነበር። በየት በኩል እንዳወጧቸው አላውቅም።

እማዬ አላለቀሰችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አለችና ሹራቧን አነሳች። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወደቀ። ወታደሩ በእግሩ መጣ፤ መንገዱ ሁሉ እግሩ ያበጠ፣ ቁራሽ የሚለምን ሰው ሆነ። ኮልፌ ላይ በራችንን ከፍተን ውሃና ቂጣ እየሰጠን የሁሉንም ፊት አየን። ከአንዱም ከሌላውም ወገን ሁለቱን የሚያውቅ አላገኘንም። ክረምቱ ገባ፣ የሚያልፈው ወታደር ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ጸሎት ቤታችን ተከፈተ፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ዘመርን። እኔ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።

አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ እማዬ ቴፑን አውጥታ ካሴቱን ስታስገባ አየኋት። ገናም ፋሲካም አልነበረም። የማን ድምፅ እንደሆነ ሳታውቅ ስትሰማው ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ይኼ ካሴት...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ወረቀቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ገና አፉን ሲከፍት ነው ያወቅሁት። ልጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምን ልበለው?»

ቁልፉን ተጭና ካሴቱን አስሮጠችው፤ ጸሎቱን አለፈችው፣ መዝሙሩን አለፈችው። የት ላይ ማቆም እንዳለባት እጇ ያውቃል። እኔ ሳልኖር ስንት ጊዜ እንዳደረገችው ያኔ ገባኝ። በዛብህ በዳንኤል ድምፅ፣ እንደ እኔ አድርጎ የሚቆጣው እንደሌለ ተናገረ። ናፈቀኝ አለ።

«ሌላው ሁሉ የዳንኤል ቃል ነው» አለች። «ይቺ ብቻ የበዛብህ ናት።»

መለሰችና እንደገና ከፈተችው። እንደገና መለሰች። ቴፑ ሲያንገራግር ሰማሁት፣ ሪባኑን ሊበላ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ተቆጣሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ተይው፣ ታጠፊዋለሽ፣ ለበዓል ይቀመጥ አልኳት።

«ማለቁ ካልቀረ ይለቅ» አለች። «ለማን ነው የማስቀምጠው?»

ወደ ኋላ አጠንጥና ቁልፉን ተጫነች። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።